አምስት ፓሌት ማር

አማቴ ስለ ባቡሩ የጠየቁኝ ቡና እየቆሉ ነበር።

“ልጄ፣ ያ ባቡር የሚሉት እስከ የት ደረሰ?” አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከብረት ምጣዱ ሳያነሱ።

“ሐዲዱ ኮምቦልቻ ደርሷል እማማ። ባቡሩ ግን ገና ሥራ አልጀመረም።”

“ይደርሳል እንጂ አይሄድም በለኛ!” ብለው ሳቁና የተቆላውን ቡና ጭሱን እንድናሸት በየተራ አዞሩልን።

ጨዋታው ግን በሳቅ የሚያልቅ አልነበረም። ልጃቸው፣ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም፣ ሞጆ ከባቡሩ ሐዲድ አጠገብ አዲስ መጋዘን ሊከራይ ተነስቷል። ሊያስቀምጥበት ያሰበው ማር ነው፤ የዋግ ነጭ ማር። የቅድሚያ ክፍያው የሚወጣው ደግሞ ከአማቴ ሣጥን ነው፤ የፍየሎች ሽያጭና የስንት ዓመት ዕቁብ። እኔ በወጣትነቴ ትራንዚተር ሆኜ ስለሠራሁ ባለቤቴ “መጀመሪያ ሞጆ ሂድና እይ። ከዚያ ሰቆጣ ወጥተህ ያየኸውን ለእማዬ ንገራት፤ እሷ ዓይቶ ከመጣ ሰው ካልሰማች አታምንም” ብላ ላከችኝ። እኔም መንገድ ስለምወድ ብዙ አልተከራከርኩም።

ሞጆን የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ወደ አዳማም ሆነ ወደ ሐዋሳ የሚሄድ መንገደኛ በአጠገቧ ያልፋል። ብዙዎቻችን ግን የምናውቃት በመኪና መስኮት ነው። ወደ ደረቅ ወደቡ ጎራ ያለ ሰው ሌላ ከተማ ያገኛል፤ በኮንቴይነር የተሠራ ከተማ። ትናንት መንገድ የነበረው ዛሬ በሰማያዊና በቀይ የብረት ሣጥን ተዘግቶ ይጠብቃችኋል። ከጅቡቲ በኮንቴይነር ከሚገባው የአገሪቱ ዕቃ አብዛኛው የሚያርፈው እዚህ ነው። የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር መስከረም 2009 ዓ.ም. ሲመረቅና በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ ሲጀምር ሞጆ ዕድሏ ተቀየረ። በዚያው በ2009 ዓ.ም. የዓለም ባንክ ለአገሪቱ የሎጂስቲክስ ማሻሻያ የፈቀደው 150 ሚሊዮን ዶላርም ዋና ዒላማው ይኸው ደረቅ ወደብ ነበር።

ባቡር መጋዘን የሚወልድበት ምክንያት ቀላል ነው። አንድ ከባድ መኪና አንድ ወይም ሁለት ኮንቴይነር ይዞ ይመጣል። አንድ የጭነት ባቡር ግን ከ100 በላይ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ጎትቶ፣ 750 ኪሎ ሜትር የሚያህለውን መንገድ ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ጨርሶ፣ በአንድ ጊዜ ያራግፈዋል። በጠብታ ይመጣ የነበረው ዕቃ በጎርፍ ይመጣል ማለት ነው። ለጎርፍ ማጠራቀሚያ ያስፈልገዋል። ስለዚህ ከሞጆ እስከ ገላን ባለው መስመር ላይ፣ ትናንት ጤፍ ይታጨድበት በነበረው ማሳ፣ ረጃጅም የቆርቆሮ ጣሪያዎች በቅለዋል። ጣሪያ በበቀለበት ደግሞ ደላላ አይጠፋም።

የእኛ ደላላ ቀጭን፣ ፈጣን፣ በእርምጃው ሜትር የሚለካ ሰው ነው። “አምስት መቶ ካሬ፣ አንድ እርምጃ አይጎድልም” እያለ ከጥግ እስከ ጥግ ተራመደልኝ። መጋዘኑ አዲስ ነው፤ ሲሚንቶው ገና ይሸታል። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ ወለሉ ለፎርክሊፍት የሚመች፣ በሩ ትልቅ መኪና የሚያስገባ። ምንም አይወጣለትም። “ባቡሩስ?” አልኩት። እጁን ዘርግቶ አድማሱን አሳየኝ። “ያውልህ! ፊሽካው እዚህ ይሰማል።”

እዚህ ላይ የድሮ ሥራዬ ትዝ አለኝ። ከሐዲድ የተገናኘ መጋዘን ማለት ፉርጎው በሩ ላይ ቆሞ ዕቃ የሚጫንበትና የሚራገፍበት ነው። ፊሽካ የሚሰማበት መጋዘን ሌላ ነው። ከዚህኛው ዕቃህን ወደ ባቡር ለማድረስ መኪና ትከራያለህ፤ አንዴ ለመጫን፣ አንዴ ለማውረድ፣ እንደገና ለማንሳት ትከፍላለህ። ሦስት ኪሎ ሜትርም ቢሆን ሠላሳም ቢሆን የጫኝና አውራጅ ሒሳብ ያው ነው። ኪራዩ ግን ሐዲዱ በሩ ላይ እንዳለ ተደርጎ ነው የተተመነው።

ስለ ውሉ ጠየቅሁት። የስድስት ወር ቅድሚያ፣ ከ500 ካሬ በታች አይከፈልም፣ ተጨማሪ እሴት ታክሱ 15 በመቶ በላዩ ላይ ነው። ጭማሪውስ? “እሱን በየዓመቱ መነጋገር ነው” አለ በፈገግታ። ብዙ ሰው ስለ ኪራይ ሲነሳ በ2016 ዓ.ም. የወጣውን አዋጅ ቁጥር 1320 ይጠራል፤ ያ የሚመለከተው የመኖሪያ ቤትን ነው። መጋዘን የተከራየ ሰው የሚጠብቀው ውሉ ብቻ ነው፤ ውልና ማስረጃ ፊት የተፈረመ ወረቀት ላይ ያልሰፈረ ቃል እንደ ፊሽካው በነፋስ ይሄዳል። ኢንሹራንሱንም ብዙዎች የሚረዱት ዕቃቸው ከተቃጠለ በኋላ ነው። የአከራዩ የእሳት መድን ሕንፃውን እንጂ የተከራዩን ዕቃ አይሸፍንም። ይህን ሁሉ በማስታወሻዬ ያዝኩና ስልክ ላይ ያለውን የሒሳብ ማሽን ከፈትኩ።

የባለቤቴ ወንድም ዘንድሮ ከንብ አናቢዎች እሰበስባለሁ ያለው 40 ኩንታል ነው። በ25 ኪሎ ባልዲ 160 ባልዲ ይሆናል። አንድ የእንጨት ፓሌት ላይ በአንድ ድርድር 12፣ በሦስት ድርድር 36 ባልዲ ይቀመጣል። ስለዚህ ሁሉም ማር አምስት ፓሌት አይሞላም። የአምስት ፓሌት ቦታ ስድስት ካሬ ሜትር ነው።

“ቀሪው አራት መቶ ዘጠና አራት ካሬስ?” አልኩት ደላላውን።

“ኳስ ይጫወቱበታ!” አለ።

ለመሳቅ ተዘጋጅቼ ሳለ ነፋሱ ዞረና አንድ ሽታ ይዞ መጣ። ሞጆ በቆዳ ፋብሪካዎቿ የታወቀች ናት፤ እዚያ ለሚኖር ሰው ሽታው የተለመደ ነው፣ ደላላው እንኳ አላስተዋለውም። እኔ ግን ያሰብኩት ማሩን ነበር። ማር ምስኪን ነገር ነው፣ አጠገቡ ያለውን ሁሉ ይቀበላል። ክዳኑ ከላላ የአየሩን እርጥበት ይጠጣል፤ እርጥበቱ ከ20 በመቶ ካለፈ መፍላት ይጀምራል፣ ያን ጊዜ ማርነቱ ቀርቶ ያልታሰበ ጠጅ ይሆናል። ሙቀት ያጠቁረዋል። ሽታም ይይዛል። የባለቤቴ ወንድም ይህን በዕዳ ነው የተማረው። አምና በአንዲት ከተማ ከሰው መጋዘን ጥግ ተከራይቶ ማሩን አስቀምጦ ነበር፤ አከራዩ ሳያሳውቀው በዚያው ቤት የልብስ ሳሙና በካርቶን ቆለለበት። ገዢዎቹ በማንኪያ ቀምሰው፣ ተያይተው፣ ሒሳብ ሳያነሱ ሄዱ።

ከሞጆ በማግስቱ ወደ ሰሜን ተነሳሁ። በደሴ መንገድ ኮምቦልቻ ስደርስ ሐዲዱን እንደገና አገኘሁት፤ ይኸኛው ግን ፊሽካ የለውም። ከአዋሽ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልዲያ አጠገብ ሐራ ገበያ የሚደርሰው ይህ መስመር 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግንባታው በ2007 ዓ.ም. የተጀመረው ያፒ መርከዚ በተባለው የቱርክ ኩባንያ ነው። እስከ ኮምቦልቻ ያለው ክፍል ሐዲዱ ተነጥፎ፣ የኤሌክትሪክ ምሰሶው ተተክሎ፣ ተራራው ተበስቶ፣ ድልድዩ ተዘርግቶ አለ። ከዚያ ወዲያ ያለው ገና ነው። የገንዘብ ጉዳይ አለ፣ የኤሌክትሪክ ኃይል ጉዳይ አለ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ጦርነቱ እዚህ ሲደርስ ፕሮጀክቱም ከዘረፋ አልዳነም። ከሐራ ገበያ ወደ መቀሌ፣ እንዲሁም በሰመራ በኩል ወደ ታጁራ ወደብ ይቀጥላል የተባለው ሁሉ ይህን ቁራጭ ይጠብቃል። ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ አላት፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ አላት፣ ሐዲድ አላት። ሦስቱን የሚያገናኛቸው ባቡር ነው የጠፋው። አንድ የሻይ ቤት ደንበኛ “እኛ ባቡር ጣቢያ ያለን፣ ባቡር የሌለን ነን” አለኝ። ቂም የለበትም፣ የለመደው ነገር ነው።

ከወልዲያ በኋላ መንገዱ ይወጣል። በላሊበላ በኩል አድርጎ ወደ ዋግ ሲገባ አገሩ ይነጣል፤ ድንጋይ፣ ቁልቋል፣ እርከን፣ በየገደሉ የተንጠለጠለ ፍየል። አንድ ረዳት “እዚህ አገር ድንጋዩ ራሱ እርሻ ነው” ሲል ሰማሁት። ጥቅምት ስለነበር ግን በየድንጋዩ መካከል አበባ አለ። የሻደይ ልጃገረዶች ከነሐሴ 16 ጀምሮ ለምለሙን ቅጠል ወገባቸው ላይ አስረው ይጫወታሉ፤ ክረምቱ ሲወጣ አበባው ይከተላል፣ አበባውን ንቡ ይከተላል። የዋግ ማር ነጭ የሚሆነው ከዚህ አበባ ነው። ሲረጋ ቅቤ ይመስላል።

ሰቆጣ ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ማታ ጋቢ ትፈልጋለች። የድንጋይ ቤቶቿ ወፍራም ግድግዳ አላቸው። የአማቴ ቤት ከእነዚህ አንዱ ነው፣ ከአያታቸው የወረሱት። በጓሮ በኩል መስኮት የሌላት፣ ወለሏ በድንጋይ ከፍ የተደረገ አንዲት ክፍል አለች። ለሃያ ዓመት ወደዚህ ቤት ስመላለስ የእንጨትና የአሮጌ ዕቃ ማስቀመጫ ነበረች፤ ለምን ከፍ እንዳለች ጠይቄ አላውቅም። ያን ቀን ቡናው ሁለተኛው ላይ ሲደርስ አማቴ ነገሩኝ።

“እሷ የጨው ቤት ናት” አሉ።

ሰቆጣ በጨው የከበረች ከተማ ነበረች። አሞሌው የሚቆረጠው በአፋር በረሃ፣ አርሆ በሚባለው የጨው ሜዳ ነው። በግመል ወደ ደጋው ጫፍ ይወጣል፣ ከዚያ በበቅሎና በአህያ ሰቆጣ ይገባል። ከላስታ፣ ከጎንደር፣ ከጎጃም፣ ከሸዋ የሚመጣው ነጋዴ እህሉን፣ ማሩን፣ ቡናውን፣ ጨርቁን ይዞ እዚህ ይጠብቀዋል። አሞሌ ለምግብም ለገንዘብም የሚሆን ነገር ነውና ከጨው ሜዳው በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። ዋግሹሞቹ ከዚህ ንግድ ቀረጥ እየሰበሰቡ ኃይል አበጁ። ከእነርሱ አንዱ፣ ዋግሹም ጎበዜ፣ በ1860ዎቹ መጀመሪያ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው እስከ መንገሥ ደርሰዋል። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ካለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን የደረሰ ጎብኚ በሣጥን የተቀመጠ የቀድሞ መሳፍንት አፅም ያያል፤ እኔ ግን በዚህ ጉዞ ሐሳቤ ሁሉ ጓሮው ላይ ነበር።

“አያቴ ጨው በደረቅ ወራት ይገዛ ነበር” አሉ አማቴ። “ክረምት ሲገባ ወንዙ ይሞላል፣ ነጋዴ ይቀራል፣ ጨው ዝናብ ከነካው ይሟሟል። ሌላው ሰው ቶሎ ቶሎ በርካሽ ይሸጣል። አያቴ ግን ክፍሏን በእሳት እያሞቀ፣ አሞሌውን በሣር እየጠቀለለ መስከረምን ይጠብቃል። እሷ ክፍል ናት ያበላችን።”

የባለቤቴ ወንድም እስከዚህ ዝም ብሎ ነበር። “እኮ! እኔስ ምን አልኩ እማዬ? እኔም መጠበቂያ ቦታ ነው የምፈልገው። ማሩ የሚቆረጠው በአንድ ጊዜ ነው። ጥቅምትና ኅዳር ሁሉም ይሸጣል፤ ከላይ የሚመጣው ገዢ ያለውን ዋጋ ሰጥቶን ይሄዳል፣ እንቢ ካልነው ነገም ማሩ እዚሁ እንደሚቆየን ያውቃል። ሞጆ ሳስቀምጠው ግን አዲስ አበባ አጠገቤ ነው፣ ጅቡቲ አጠገቤ ነው። ቡናና ሰሊጥ ያለው ሰው ምርት ገበያ መጋዘን አስገብቶ ደረሰኝ ይቀበላል። እኔ ያለኝ የደላላ ስልክ ነው።”

ልጁ የሚለው ስህተት አይደለም። የአውሮፓ ኅብረት በ2000 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ማር ከሚያስገቡ አገሮች ዝርዝር ውስጥ ካስገባ ወዲህ በሩ ክፍት ነው፤ ያም ሆኖ ከአፍሪካ ብዙ ማር የምታመርተው አገራችን አብዛኛውን በጠጅ ጨርሳ ጥቂት ብቻ ትልካለች። ሰቆጣ ራሷ የደረቅ መሬት ግብርና ምርምር ማዕከል ያላት ከተማ ናት፤ የማሯ ጥራት አያከራክርም። የጎደለው መሐሉ ነው፤ ከቀፎው እስከ ኮንቴይነሩ ያለው።

እንዲያውም በዚህ ከተማ መጋዘን የሚለው ቃል ሌላ ትርጉም አለው። በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ኮረም የተሰለፉት ሰዎች ልጆች ዛሬ ሽማግሌ ናቸው። በ2013 እና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሰቆጣን ገብቶባታል፤ ከዚያም ከአበርገሌና ከዝቋላ የተፈናቀሉት እዚህ ተጠልለዋል፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ ድርቁ በቆላው ወረዳዎች ተመለሰ። መቀንጨርን ለማጥፋት በ2007 ዓ.ም. አገሪቱ የገባችው ቃል “የሰቆጣ ቃል ኪዳን” መባሉ ያለምክንያት አይደለም። ስለዚህ አንድ ሕፃን “መጋዘን” ሲባል የሚታየው የእርዳታ ስንዴ ነው፤ ከሌላ ቦታ የመጣ እህል ለእደላ የሚጠብቅበት ነጭ ድንኳን። የአገሩ ሀብት ዋጋ የሚጠብቅበት ቤት እንደነበረ የሚያስታውሱት እንደ አማቴ ያሉት ብቻ ናቸው።

ያየሁትን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ፊሽካውን፣ 500 ካሬውን፣ ስድስት ወሩን፣ አምስቱን ፓሌት። የባለቤቴ ወንድም ፊቱ ተለዋወጠ። “ጋሼ፣ ሐዲዱ ሐራ ገበያ የገባ ዕለት ግን ዋጋው አይቀመስም። ሞጆ ላይ ቀድመው የያዙት አይደሉም ወይ ዛሬ የሚጫወቱት?” አለኝ። እውነቱን ለመናገር መልስ አልነበረኝም። ባቡሩ ወልዲያ የሚገባበትን ቀን ባውቅ እኔም ማሰሮዬን ሸጬ ሐራ ገበያ ቦታ እይዝ ነበር። እኔ የማውቀው አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር 200 ኩንታል ያህል እንደሚይዝ ነው። እሱ ያለው 40 ነው። ባቡር ደግሞ ሙሉ ሣጥን እንጂ የሣጥን ሩብ አያውቅም።

አማቴ ሲኒዎቹን ሰበሰቡ። ሲያስቡ እጃቸው ሥራ አይፈታም።

“እንዳንተ ያሉ ስንት ማር ነጋዴ አለ?” አሉት ልጃቸውን።

“የማምናቸው… አራት።”

“ከአንተ ጋር አምስት። ሣጥኑ ሞላ ማለት ነው። ካልተስማማችሁ እኔ ብር የለኝም።” ቀጠሉ። “እስከዚያ ማሩ የትም አይሄድም። የጨው ቤቷን ነገ ታጸዳታለህ። ቀዝቃዛ ናት፣ ደረቅ ናት፣ ኪራይ አትጠይቅም። ሞጆ የሚሄደው ገዢ ሲገኝ፣ ሣጥን ሲሞላ፣ ለሁለት ለሦስት ወር ነው። ስድስት ወር የሚባል ነገር አልሰማሁም።”

ደላላው ጋ ወዲያው ደወልን፤ የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርገን። አምስት ሆነን ለሦስት ወር መቶ ካሬ ይከፈልልን ይሆን? አልሸሸም። አዲሶቹ መጋዘኖች በዝተዋል መሰለኝ፣ ባለቤቱን አነጋግራለሁ አለ። መሐል ላይ በግንብ ይከፈላል፣ በር ለብቻ ይወጣለታል፣ መቶ ባይሆን መቶ ሃምሳ። አማቴ በጆሯቸው ወደ ስልኩ ጠጋ አሉ።

“ከግንቡ ወዲያ ማን ነው ያለው በለው።”

“ገና ተከራይ የለም እማማ፤ ምናልባት የግንባታ ዕቃ…”

“ሽታስ?”

“ኧረ ምንም አይሸትም! ንጹሕ አየር ነው።”

እኔ ዝም አልኩ። አማቴ ተነስተው ወደ ጓዳ ገቡና አንዲት የብርጭቆ ብልቃጥ ይዘው መጡ፤ እስከ አንገቷ ነጭ ማር ሞልተውባታል። በጨርቅ ጠቅልለው ሰጡኝ።

“ስትመለስ እዚያ ቤት ታስቀምጣታለህ። ክዳኗን ከፍተህ፣ በሩን ዘግተህ። ሳምንት ትደር። ከዚያ ከድነህ ላክልኝ። አንተ እንዳትቀምሳት፣ አንተ የከተማ አፍ ነህ። እኔ እቀምሳታለሁ።”

ከሰቆጣ የወጣሁት በማግስቱ ንጋት ላይ ነው። ረዳቱ ሻንጣዬን ከላይ ሲያስር ብልቃጧንም እንድሰጠው እጁን ዘረጋ፤ እንቢ አልኩት። ሞጆ ድረስ በጉልበቴ ላይ ይዣት ሄድኩ።